ከባባ ዳርቻ የመጣው ጭቃ

ፌብሩዋሪ 24፣ ሰኞ

ሥራው ለእኛ ላቦራቶሪ ተሰጠ። ለመርከቦች እንዲጠልቅ የወደቡ ሥር እንደገና ሊጠረግ ነው፤ ከመጠረጉ በፊት ግን ከሥሩ የሚወጣው ጭቃ ምን ያህል መርዝ እንደያዘ መታወቅ አለበት። ንጹሕ ከሆነ ራቅ ወዳለ ባሕር ወስደው ይደፉታል። ከቆሸሸ የብስ ላይ ታጥሮ መቀመጥ አለበት፤ ያ ደግሞ ወጪው ከባድ ስለሆነ ከላይ እስከ ታች ሁሉም ሰው ንጹሕ እንዲሆንለት ይመኛል። አለቃችን ዶክተር ሙቲሶ ሪፖርቱን በኤፕሪል መጨረሻ ይፈልጉታል።

ለማወዳደሪያ አንድ ያልተነካ ጭቃ ያስፈልገናል። ያለዚያ የወደቡ ጭቃ ከምን ጋር ተስተያይቶ ነው ቆሻሻ የሚባለው? ከየት እናምጣ ሲሉ አፌ ቀደመኝ። ከእኛ መንደር ከምቩኒ፣ ከአባቴ ከባባ ዳርቻ አልኳቸው። አብሮኝ የሚሠራው ካዙንጉ፣ ሙኒራ የመንደሯን ጭቃ እንኳ ከሰው ጭቃ ታስበልጣለች ብሎ ሳቀብኝ። አዎ፣ አስበልጣለሁ። ማንግሮቭ የሚባለው የባሕር ዳር ዛፍ እንደዚያ የለመለመበት፣ ዛጎል እንደዚያ የወፈረበት ሌላ ቦታ ካለ ያሳየኝ።

ፌብሩዋሪ 27፣ ሐሙስ

ባሕሩ አብዝቶ የሚጎድልበት ሰሞን ስለሆነ ዛሬ ሄድኩ። ታናሽ እህቴ ሪዚኪ እንደ ሁልጊዜዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ ሥጋው የሚበላ ዛጎል ትለቅማለች። ሳዳ ከጎኗ ናት። ሦስት ዓመት ሞላት። እንደ እናቷ ለመሆን በአሮጌ ማንኪያ ትቆፍርና ጣቷን ትልሳለች።

"ሪዚኪ፣ ልጅሽ ጭቃ እየበላች ነው" አልኳት።

"አንቺስ በልተሽ አይደል ያደግሽው? ዶክተር የሆንሽው በዚያ ነው።"

ዶክተር አይደለሁም፤ መንደሩን ግን ማሳመን አቅቶኛል። ሳዳ ባልዲዬን ስታይ "ትልቋ እማ፣ ስጪኝ!" አለች። በእኛ ዘንድ የእናት ታላቅ እህት ትልቋ እናት ናት፤ እኔ ደግሞ የራሴ ልጅ ስለሌለኝ ስሙን ያለ ተቀናቃኝ ይዤዋለሁ።

ባባ ከዛፋቸው ሥር ሆነው ያንኑ ታሪካቸውን ነገሩኝ፤ እኔም እንደ አዲስ ሰማሁ። ባሕሩ መቃብሮቹን እየበላ የእናታችን መቃብር ጫፍ ሲደርስ፣ ያኔ ወደቡን ይጠርግ የነበረ አንድ ድርጅት ዘንድ ሄደው፣ ደጅ ጠንተው፣ በጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ አፈር አስመጡ። እኔ ናይሮቢ ተማሪ ነበርኩ። ድርጅቱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ አፈሩ ግን ባሕሩን ገታው። ማንግሮቭ ተተከለበት፣ ዛጎል ገባበት፣ ሰውም የባባ ዳርቻ አለው። "እናትሽ በደረቅ መሬት ተኝታለች" ብለው ይጨርሳሉ ሁልጊዜ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ዳርቻው ግን የሚታያቸው ይመስለኛል።

ባልዲዬን ሞላሁ። ሪዚኪ ዛጎሉን በኮኮናት ወተት ሠርታ ሁለት ጊዜ ጨመረችልኝ።

ማርች 3፣ ሰኞ

ፈተናው ተጀመረ። ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ፣ ቁንጫ የሚያህሉ የባሕር ነፍሳት አሉ፤ መርዝ አይችሉም። ካዙንጉ "ተማሪዎቹ" ይላቸዋል። በየብልቃጡ ጭቃ፣ በላዩ የባሕር ውሃ፣ ከዚያ ሃያ ሃያ ተማሪ። አሥር ቀን ቆይተው የተረፉት ይቆጠራሉ። ደንቡ አጭር ነው፤ ንጹሑ ጭቃ ውስጥ የገቡት ከሞላ ጎደል ሁሉም መትረፍ አለባቸው። ካልተረፉ የተበላሸው ፈተናው ነውና ተጥሎ እንደገና ይጀመራል።

የጾም ሁለተኛ ቀን። ካዙንጉ ክርስቲያን ነው፤ እኔን አክብሮ የተጠበሰ ድንቹን ከመደርደሪያው ጀርባ ተደብቆ ይበላል። ሽታው ግን አላከበረኝም።

ማርች 8

ቸኩያለሁ። ሪዚኪ ደወለች። ሳዳ ሆዷን ያማታል፣ ትነጫነጫለች፣ ሆዷ ደርቋል። የወስፋት መድኃኒት ስጫት አልኩ። ሰጥቻታለሁ እኮ አለች። ድገሚላት አልኩ። ዶክተር ሙቲሶ በሌላ መስመር እየጠበቁኝ ነበር።

ማርች 13፣ ሐሙስ

ቆጠርን። ከማወዳደሪያው ጭቃ ብልቃጦች አንዱ ላይ ሦስት ተርፈዋል፣ አንዱ ላይ አራት፣ አንዱ ላይ ምንም። የወደቡም ሞተዋል፤ የእኛ ግን ብሷል። ፈተናው ተበላሽቷል።

ካዙንጉን ብልቃጦቹን በሳሙና አጥበህ በደንብ አላለቀለቅካቸውም አልኩት። አለቅልቄያለሁ አለ። ያለቀለቀ ሰው እንዲህ አይደርስበትም አልኩ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አልቀለደም። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ፣ ጾሙም ራስ ምታቱም ተደራርቦብኝ ለነገ አልኩት።

ሙቀቱ ይሆናል። ወይም ነፍሳቱ መንገድ ላይ ተጎድተው ይሆናል። ባልዲው ቀድሞ ዘይት ነበረበት መሰለኝ። አዲስ ባልዲ ገዝቼ ጭቃውን እንደገና አመጣለሁ።

ማርች 16፣ እሑድ

ለማፍጠሪያ ምቩኒ ሄድኩ። አስቀድሜ ዳርቻው ወርጄ ባልዲዬን ሞላሁ።

ሳዳ ስገባ አልሮጠችም። ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች አየችኝ። ከንፈሯ ነጥቷል፤ ሳቅፋት አለቀሰች። ሪዚኪ "ትልቋ እማ በያት" ብትላት ማንኪያዋን ዘረጋችልኝ እንጂ ምንም አላለችም። ሪዚኪ ወደ ጓዳ ወስዳኝ ቃላቷ እየጠፉ ነው አለችኝ። ውሃ ማለት ከተወች ሰነበተች፤ በጣቷ ነው የምታሳየው። አንዲት ጎረቤት የልጅቷን ጸጉር አመስግና ነበርና ዓይን ነው ትላለች። ቁርኣን ሊቀራላት ሼክ ዘንድ ልትወስዳት አስባለች።

ሳቅኩባት። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን ሳቅኩ። ደም አንሷት ነው፣ ሲነጣ አይታይሽም አልኳት። ዛጎል ደም ይሞላል፤ መረቁን ጠዋትና ማታ ስጫት፣ እንዳታስተጓጉዪ ብዬ አዘዝኳት። ማዘዝ ደግሞ እችልበታለሁ። ባባም እኔ ራሴ ዘግይቼ ነው አፌን የፈታሁት፣ ልጅቱን ተዉአት አሉ።

ስወጣ ሪዚኪ ባልዲውን አየች፤ ዳዳ ነው የምትለኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው።

"ዳዳ፣ ለጭቃሽ ሁለት ጊዜ መጣሽ። እሷን ግን አንዴ እንኳ አስተውለሽ እያት።"

አስተውያታለሁ እኮ። ደም ማነስ ነው።

ማርች 17

ሁለተኛው ፈተና ተጀመረ። አዲስ ነፍሳት፣ አዲስ ባልዲ። ብልቃጦቹን እኔው አጠብኩ፤ ካዙንጉ እጁን አጣምሮ ቆሞ አየኝ።

ማርች 21፣ ዓርብ

ሚኒባሱ ማታቱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት የመንደራችን ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። በባባ ዳርቻ ሸርጣን ጠፋ፣ ዛጎል ብቻ ቀረ አለች አንዷ። ዘንድሮ የማይጠፋ ምን አለ አለች ሌላዋ፤ ከዚያ ወደ ስኳር ዋጋ ሄዱ። ሸርጣን ጠፍቷል? ሁለት ጊዜ ወርጃለሁ፣ ልብ አላልኩም።

ሪዚኪ መረቁን ሳታስተጓጉል እየሰጠቻት ነው። ሳዳ ግን ታስመልሳለች። ትንሽ ትንሽ እያደረግሽ ስጫት አልኩ።

ማርች 27፣ ሐሙስ

እንደገና ሞቱ።

ከወደቡ አፍ ያመጣነው ጭቃ ውስጥ ከግማሽ በላይ ተርፈዋል። ከባባ ዳርቻ ባመጣሁት ውስጥ ሁለት። ከሁሉም ብልቃጥ ተደምሮ ሁለት።

ካዙንጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ አናገረኝ። "ሙኒራ፣ ውሃው ደህና ነው። ብልቃጡን አንቺ ነሽ ያጠብሽው። ነፍሳቱ አዲስ ናቸው። የቀረን አንድ ነገር ነው።"

"ደንቡን ታውቀዋለህ" አልኩት። "ማወዳደሪያው ከሞተ ፈተናው ይጣላል።"

"ደንቡን የጻፈው ሰውዬ የባባ ዳርቻን አያውቀውም" ብሎ ወጣ።

ዶክተር ሙቲሶ ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጡም። ይሄ ምን ያስጨንቃል፣ ወደ ደቡብ ካለው ዳርቻ ሌላ ጭቃ አምጡና እንገላገል አሉ። ደንቡ ይፈቅዳል። ማወዳደሪያ መቀየር ነውር የለበትም፣ ሰው ሁሉ ያደርገዋል። እሺ ብያለሁ፤ ጭቃውን ለማምጣት ካዙንጉ ይሄዳል።

እሺ ካልኩ በኋላ ሊቀለኝ ይገባ ነበር። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ዞሬ ዞሬ የማስበው ያችን ማንኪያ ነው። አንድ ጭቃ በምን ይበላሻል? ሽታው እንደ ድሮው ነው። ከአጠገቡ ፋብሪካ የለም፣ መርከብ አይደርስበትም፣ ከላይ የሚወርድ ወንዝ የለም። ከየትም የሚመጣ ነገር የለም። የመጣ ነገር ቢኖር ባባ ያስመጡት አፈር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አፈር ነው።

ደንቡ ይፈቅዳል።

ማርች 31፣ ዒድ

የበዓሉ ሩዝ ፒላው ተበልቶ ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው በየቤቱ ሲዞሩ ሳዳ ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር። ቢጫ ቀሚስ፣ እኔ የገዛሁላት። ድንገት ሰውነቷ ግትር አለ፤ ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ፤ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሪዚኪ ጮኸች። ሆስፒታል እስክንደርስ ሁለት ጊዜ ደገማት።

ወባ ይሆናል አልኩ ሐኪም ዘንድ። ደሟን ወሰዱ።

ኤፕሪል 1

የወባ ምልክት የለም። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትጠይቀው። ቤት ውስጥ አሮጌ ባትሪ የሚሰብር ሰው አለ? የለም። ቀለም የሚቀባ? አባቷ ባሕረተኛ ነው፣ ዱባይ ነው ያለው። ልጅቱ አፈር ትበላለች? ሪዚኪ ወደ እኔ አየች። "የባሕር ጭቃ ትልሳለች፤ ሁሉም ልጅ ይልሳል" አልኩ። ንጹሕ ነው ብዬ ጨመርኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ንጹሕ ነው አልኩ።

ኤፕሪል 2፣ ረቡዕ

ካዙንጉ ሆስፒታል ድረስ መጣ። ብርቱካን ይዞ ነበር፤ ለማን እንደሚሰጥ ጠፍቶት እጁ ላይ ያንከባልለዋል። ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠኝ።

"ጭቃሽን ሳላስፈቅድሽ ለብረት ምርመራ ሰጠሁት" አለ። "እርሳስ አለበት፣ ያ ከባዱ ብረት። መርከብ መጠገኛው ሥር ካገኘነው ይበልጣል። መዳብም አለ። ይሄ የመርከብ ቀለም ነው፣ ሙኒራ። ከመርከብ ሆድ ተፍቆ የወደቀ ቀለም።"

የጭነት ጀልባዎቹ ከየት እንደጫኑ የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም። ድርጅቱ ወደቡን እየጠረገ ነበር፤ የጠረገውን የሚደፋበት ሲያጣ ባባ ከደጁ ቆመው አገኛቸው። ታሪኩን ዓመታት ሙሉ እንደ ተረት ስንሰማው ኖረን አፈር ሲሉ አፈር አልን። የወደብ ጭቃ መመርመር ሙያዬ ነው። ያንኑ የወደብ ጭቃ ከቤቴ አንስቼ ንጹሕ ብዬ ላቦራቶሪ አስገባሁ። ለዚህ ሌላ ቃል የለኝም።

ለካዙንጉ ስለ ብልቃጦቹ ይቅርታ አልኩት። የትኞቹ ብልቃጦች አለኝ።

ለሐኪሟ ነገርኳት። የደሙ ውጤትም መጣ፤ እርሳስ ነው። ብረቱን ከደም የሚያወጣ መድኃኒት አለ፤ እዚህ ግን የለም፣ ከናይሮቢ ይመጣል አለች።

ኤፕሪል 3

ሪዚኪ የዛጎል መረቅ በፔርሙዝ ይዛ መጣች። ምቩኒ ሄዳ፣ ለቅማ፣ ሠርታ። ሳዳ አፏን ከከፈተች አንድ ማንኪያ ትቀምሳለች ብላ። ፔርሙዙን ተቀብያት መታጠቢያው ላይ ደፋሁት።

"ዳዳ! ለምን?"

"ቀዝቅዟል" አልኳት።

እንፋሎቱ ከመታጠቢያው ላይ እየወጣ ነበር። ሁለታችንም አየነው።

ኤፕሪል 4

መድኃኒቱ ደረሰ። አልነቃችም። ሪዚኪ እግሯን ታሻታለች። ማንኪያዋን ከቤት አምጥታ ትራሷ ሥር አድርጋላታለች። አጥቤዋለሁ። ሦስት ጊዜ አጠብኩት።

ኤፕሪል 6

ሳዳ ሞተች።

ኤፕሪል 7

በእኛ ዘንድ ቀብር አይዘገይም። ሴት ደግሞ መቃብር አትወርድም። በሩ ላይ ቆሜ ወንዶቹ ነጩን ጨርቅ ተሸክመው ሲወርዱ አየሁ። ጨርቁ ትንሽ ነበር፤ አንድ ሰው ይበቃው ነበር፣ ግን ተሻምተው ተሸከሙት። ከአያቷ አጠገብ ነው የተቀበረችው፣ በጭቃው በኩል። እዚያ አትቅበሯት ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ለምን ቢሉኝ የምመልሰው ነበረኝ። ግን ባባ በዱላቸው እየተመሩ ከፊት ይሄዱ ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ሲመለሱ ሁሉም እግር ላይ ያ ጥቁር ጭቃ አለ። ሴቶቹ ውሃ ቀዱላቸው። ሪዚኪ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች ናት፤ ቢጫውን ቀሚስ ታጥፈዋለች፣ ትፈታዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች። መረቁን ማስተጓጎል አልነበረብኝም፣ በበዓሉ ግርግር አንድ ቀን ረስቻለሁ ትለኛለች። ሦስት ጊዜ ነገረችኝ። አይደለም፣ በዚያ አይደለም አልኳት። በምን እንደሆነ ግን አላልኩም።

ኤፕሪል 10፣ ሐሙስ

ዶክተር ሙቲሶ አጽናኑኝ። ድምፃቸው እውነተኛ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ሪፖርቱ ገቡ። ሥራችን ወደቡ ነው፣ መንደሩ አይደለም፤ የተጣለ ፈተና ሪፖርት ውስጥ አይገባም፤ ለአባትሽም ማሰብ አለብሽ አሉ። ለባባ ማሰብ። ሳዳ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ሌላ ምን አስቤ አውቃለሁ?

በለቅሶው ምክንያት ዳርቻው የወረደ ሰው የለም። እሑድ ግን ጨረቃዋ ሙሉ ናት፤ ባሕሩ እስከ ጥግ ይጎድላል። ሴቶቹ ከነልጆቻቸው ይወርዳሉ። ዛሬ ግቢ ውስጥ አንዷ ቅርጫቷን ስትጠግን አየኋት። ወገቧ ላይ የታዘለው ሕፃን ጥርስ እያበቀለ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል።

ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ

ነገርኳቸው። መጀመሪያ ለባባ፣ ከዛፉ ሥር፣ ሪዚኪ አጠገባችን ተቀምጣ። ሁሉንም ነው የነገርኳቸው፤ ነፍሳቱን፣ ቀለሙን፣ ጀልባዎቹን። ባባ ሳያቋርጡ ሰሙ። ስጨርስ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ።

"ከየት እንደጫኑት አልጠየቅኩም" አሉ። "አፈር ስጡኝ አልኩ፣ ሰጡኝ። እጃቸውን ስሜ ነው የተቀበልኩት።" "እናትሽን ለባሕሩ ብተውለት ኖሮ" አሉ። እጃቸውን ስይዘው አልከለከሉኝም፤ አልያዙኝምም።

ሪዚኪ ወደ እኔ ዞረች።

"መረቁስ?" አለች።

መዋሸት እችል ነበር። አንድ ጊዜ ዋሽቻታለሁ፤ እንፋሎቱ እየወጣ።

"መረቁም" አልኳት።

"አልጠጣም ስትለኝ ሎሚ አበዛሁበት" አለች ሪዚኪ። "እንዲጥማት። ከዚያ ትጨርሰው ነበር።"

ይህን ያለችው እንደ ወቀሳ አይደለም። የሆነውን ነው የነገረችኝ። ብትመታኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹን ሰበሰብን። እኔ ተናገርኩ፤ ግማሾቹ አላመኑኝም። አንዷ ታዲያ ልጆቼን ምን ላብላቸው አለች። በመጨረሻ ባባ ተነሥተው ዳርቻው የኔ ነው፣ ዘግቼዋለሁ አሉ። እሳቸውን አመኗቸው።

ኤፕሪል 13

ባሕሩ እስከ ጥግ ጎደለ። ማንም አልወረደም።

ኤፕሪል 14፣ ሰኞ

ካዙንጉ ከደቡብ ባመጣው ጭቃ የጀመረው ፈተና ዛሬ ተቆጠረ። በማወዳደሪያው ጭቃ ያሉት ከአንዷ በስተቀር ሁሉም በሕይወት አሉ። ፈተናው በደንቡ መሠረት ተሳክቷል። ሪፖርቱን የጀመርኩት ግን በተጣሉት በሁለቱ ነው፤ የባባ ዳርቻ በስሙ ተጽፏል። ዶክተር ሙቲሶ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ይሄን ከሰረዝሽ እፈርማለሁ አሉ። አልሰርዝም፣ በእኔ ስም ብቻ ይሂድ አልኳቸው። ምን እንደሚከተል እናያለን።

እኩለ ቀን ላይ ሪዚኪ ሳትነግረኝ መጣች። ላቦራቶሪ ገብታ አታውቅም። በሩ ላይ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል ካዙንጉ ከለከላት፤ የራሱን ወንበር አቀረበላት። ነፍሳቱን ልያቸው አለች።

ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋሁላት። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ብዙ ጊዜ አየች። በጭቃው ላይ ወዲያ ወዲህ ይሉ ነበር።

"በእኛ ጭቃ በስንት ቀን ነው የሚሞቱት?" አለችኝ።

"አሥር ቀን ነው የምናቆያቸው። እስከዚያ ያልቃሉ።"

ብልቃጡን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፤ እንዳይነቃነቅባት ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

"የኔዋ ሦስት ዓመት ቻለችው" አለች።